ወላጅ አምጣ

እኔ በተማርኩበት ዘመን በተማሪ ላይ ከሚወርዱ ቅጣቶች ሁሉ የከፋው አለንጋ አልነበረም። አለንጋ ወዲያው ያልፋል፤ መዳፍህን ሱሪህ ላይ ታሽና እንባህን ውጠህ ወደ ቦታህ ትመለሳለህ። የከፋው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ወላጅ አምጣ!» ይህን የሰማ ልጅ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድለትም። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ይረዝምበታል። ማታ አባቱ ራት በልተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ሬዲዮናቸውን እስኪከፍቱ ይጠብቃል። ሊናገር አፉን ሲከፍት «ምን ሆንክ አንተ?» ይሉታል። «ኧረ ምንም፣ ውሃ ልጠጣ ነው» ብሎ ይነሳል። በማግስቱም እንዲሁ።

ዛሬ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው ለቅጣት አይደለም፤ ለሁሉም ነገር ነው። ለስብሰባ እንጠራለን፣ ለባህል ቀን እንጠራለን፣ ለፕሮጀክት ኤግዚቢሽን እንጠራለን፣ ለክፍያ ጭማሪ ውይይት እንጠራለን። ባልተጠራንበት ቀን ደግሞ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ልጄ አራተኛ ክፍል ስትገባ እኔና እናቷም አብረናት ተመዝግበናል ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ እኛ ዩኒፎርም አለመልበሳችን ነው።

ያኔ የአጥሩ በር ለወላጅ የሚከፈተው ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣና ሰኔ ላይ ለወላጆች ቀን ነው። በመሀል ከመጣ ወይ ልጁ ታሟል፣ ወይ ጥፋት አለ። ከደወሉ ወዲያ ያለው አገር የልጅ አገር ነበር። እዚያ ውስጥ ማን መታህ፣ ማን ቆሎህን ቀማህ፣ ከማን ተጣልተህ ከማን ታረቅህ፣ ይህ ሁሉ ቤት ይዘህ የምትገባው ወሬ አይደለም። «ተመታሁ» ብትል «ምን አጥፍተህ ነው?» ተብለህ ይደገምሃል።

ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅም ቢሆን መላ አያጣም። ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ጫማ የሚጠርግ አንድ ጎረምሳ ነበር። በሃምሳ ሳንቲም የፈለግከውን ይሆንልሃል፦ ታላቅ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ። ሥራውን አሳምሮ ያውቃል። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይገባል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ጥፋትህን ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ከዚያ ድንገት ዞሮ ያልጠበቅከውን ጥፊ ያቀምስሃል። «እናቱ እኮ ለፍቶ አዳሪ ናት ጋሼ፣ የምትንከራተተው ለሱ ብላ ነው!» ይላል እንባ እየተናነቀው። ጥፊው በሃምሳ ሳንቲሙ ውስጥ የተካተተ ነው፤ ብትፈልግም ባትፈልግም። አንድ ቀን የጓደኛዬ ዘመድ ሆኖ ሲገባ፣ ዩኒት ሊደሩ ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ፣ ባለፈው ማክሰኞ የዚያኛው ልጅ የአክስት ልጅ አልነበርክም?» አሉት። «ዘመዳችን ብዙ ነው ጋሼ» አለ። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ጓደኛዬም በዚያው ተረፈ። ዩኒት ሊደሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማቸውን በነፃ ያስጠርጋሉ እየተባለ ይወራ ነበር።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1975 ዓ.ም. ነው። የልደት ሰርተፊኬት የሚባል ነገር በሰፈራችን አይታወቅም፤ ዕድሜ የሚለካው በእጅ ነው። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ የግራ ጆሮህን ከነካህ ሰባት ዓመት ሞልቶሃል፤ ካልደረሰልህ የከርሞ ሰው ይበልህ። ከእኔ ፊት የነበረው ልጅ ራሱ ትልቅ ነበርና፣ ከሁላችንም በዕድሜ እየበለጠ እጁ አልደርስ ብሎት ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል። እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ ነካሁ፤ መዝጋቢው አይተው እንዳላዩ አሳለፉኝ። ልጄን በሦስት ዓመቷ ነርሰሪ ልናስገባ ስንሄድ ግን ጆሮዋን ያየላት የለም። የተፈተንነው እኔና ባለቤቴ ነን። ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የት ነው የምትሠሩት፣ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት፣ ለልጃችሁ ያላችሁ ራዕይ ምንድን ነው ብለው ጠየቁን። ራዕይ! ባለራዕይዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታስራለች። እኔ «መሐንዲስ» ልል ስል ባለቤቴ ቀድማ «ደስተኛ ሰው እንድትሆን» አለች። አለፍን።

የእኔ ክፍል ውስጥ ከሰማንያ በላይ ነበርን። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ ሲጠብ አራት። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሰፈር ልጅ የሚማረው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የእኛ ዴስክ ላይ በስተቀኜ የኮሎኔል ልጅ፣ በስተግራዬ እናቷ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ልጅ፣ መሀል ላይ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበርን። የኮሎኔሉ ልጅ ዳቦው ማርማላታ ተቀብቶለት ይመጣል። እሷ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ታመጣለች። እኔ የማመጣው እንደ ወሩ ነው፤ በደመወዝ ሰሞን የፓስቲ መግዣ፣ ወሩ ሲያልቅ ባዶ እጄን። የምንዛሪ ተመኑ የታወቀ ነበር፤ አንድ ጉርሻ ዳቦ በሁለት እፍኝ ቆሎ። ደስታ ከረሜላ ከተገኘ በጥርስ ተከፍሎ ለሦስት ይዳረሳል። ይህን ማንም እኩልነት ብሎ አልጠራውም፤ እኩልነት የሚባለው በየግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ነበር። ደግሞም እኩል አልነበርንም። አለንጋው የኮሎኔሉ ልጅ ጋ ሲደርስ ይቀልል ነበር፤ ሦስታችንም እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል፤ ለዚህም ይመስለኛል ማርማላታው ላይ የማይሰስተው።

በሂሳብ ከሁላችንም የምትበልጠው ባለ ቆሎዋ ነበረች። ጋሼ ሰሌዳው ላይ ጥያቄውን ጽፈው ፊታቸውን ወደ እኛ ሳይመልሱ እሷ መልሱን ደብተሯ ላይ አስፍራ፣ እኛ እንድንኮርጅ ክንዷን ከፍ ታደርግልናለች። አራተኛ ክፍል ላይ ከገና ዕረፍት በኋላ አልተመለሰችም። ጋሼ ስም ሲጠሩ እሷ ጋ ሲደርሱ ቀና ይላሉ፤ «የለችም» እንላለን። ጥቂት ቀን እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ጧት ከእሷ በፊት ካለው ስም ከእሷ በኋላ ወዳለው በቀጥታ አለፉ። ዴስኩ ሰፋልን። እናቷ ታመው ምጣዱን እሷ እንደያዘችው የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ለእሷ «ወላጅ አምጪ» ብሎ የላከ አልነበረም። በዚያ ዘመን ወላጅ የሚያስጠራው ጥፋት እንጂ መቅረት አይደለም። የድሮ ትምህርት ቤት ናፍቆት ሲበዛብኝ ያን የስም ጥሪ አስታውሳለሁ፤ ናፍቆቱ ልክ ይገባል።

ጧት ጧት ተረኛ ነበር። የክፍላችን ወለል አፈር ስለሆነ ከሰልፍ በፊት ውሃ በጣሳ ይረጫል፣ በቅጠል ይጠረጋል። ውሃው ከበዛ ጭቃ ነው፣ ካነሰ አቧራ። ልኩን የሚያውቁ ልጆች ተራቸው ሲደርስ ክፍሉ የመጀመሪያ ዝናብ ይሸታል። ሰሌዳው ሲነጣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤታችን አምጥተን፣ ቀጥቅጠን እናጠቁረዋለን፤ የዚያን ቀን እጃችንም ዩኒፎርማችንም ከሰሌዳው አይለይም። አስተማሪ በሌለ ጊዜ የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም ይጽፋል። ከስምህ አጠገብ «በጣም» የምትል ከተጨመረች አለቀልህ፤ እሷን ለማስፋቅ ግማሽ እርሳስ ይጠየቃል። ሙስና ምን እንደሆነ በቃል ያስተማረን የለም፤ ተግባሩን ግን ሁለተኛ ክፍል ላይ ጨርሰነዋል።

ከሰሌዳውስ ምን ተማርን? ብዙውን ረስቻለሁ። በሶ የበላውን አበበንና ጩቤ የጨበጠውን ጫላን ግን የረሳ የለም፤ ጫላ በጩቤው ምን እንዳደረገበት እስካሁን የነገረን ባይኖርም። የማባዣ ሰንጠረዥ ደብተራችን ጀርባ ላይ ታትሟል፤ ፈተና ሲደርስ ደብተር ስለሚሰበሰብ በዜማ ሸመደድነው። ዛሬም ሰባት ሲባዛ በስምንት ስባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ዜማው ነው። ደብተር የምንሸፍነው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ነበር፤ የሶቪየት መጽሔት ያገኘ ልጅ የሚያብረቀርቅ ደብተር ይዞ ይመጣል። በእርሻ ክፍለ ጊዜ ጎመን ተክለናል፣ አርመናል፣ ውሃ አጠጥተናል፤ ጎመኑን የበላው ማን እንደሆነ ግን አልተነገረንም።

እንግሊዝኛን ያገኘነው ሦስተኛ ክፍል ነው። የሬዲዮ ትምህርት ሲኖር እትዬ ሬዲዮኑን አቅፈው ይመጣሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል፣ አንቴናውን ይስባሉ፤ ያ ሁሉ ልጅ ጭጭ ይላል። ሬዲዮኑ ይጠይቀንና መልስ እስክንሰጥ ትንሽ ዝም ይላል። እኛ ምን እንደተጠየቅን ሳይገባን እርስ በርስ ስንተያይ፣ እሱ በጣም ጥሩ ብሎ አመስግኖን ያልፋል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ በቀላሉ ያመሰገነኝ አስተማሪ አልገጠመኝም።

በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከጭቃ በሬ እንድንሠራ ታዘዝን። የእኔ በሬ ቀንዱ ሌሊት ሲደርቅ ወድቆ አደረ፤ አንዱን እግርም መንገድ ላይ ጣልኩት። እትዬ ከወዲያም ከወዲህም አገላብጠው አይተው፣ «ምንድን ነው ይሄ፣ ድንች ነው?» አሉና ከአሥር አራት ሰጡኝ። ቤት ውስጥ በሬ እየሠራሁ መሆኔን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ አራት ማግኘቴንም እንዲሁ። በሬውም አራቱም የራሴ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ልጄ ክፍል ፕሮጀክት ታዘዘ፦ ፀሐይና ፕላኔቶቿ። ትዕዛዙ የመጣው በቴሌግራም ነው፤ ከሥሩ ልጆች በራሳቸው እንዲሠሩት ይበረታታሉ የሚል ማሳሰቢያ አለው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ እኔ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኬ ፎም በምላጭ እቆርጣለሁ፤ ባለቤቴ ሳተርን ላይ ቀለበት ታጣብቃለች። የፕሮጀክቱ ባለቤት ከተኛች ቆይታለች። ጠዋት አዳራሹ ስንደርስ ወላጆች ሁሉ ከየሥራቸው አጠገብ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። የአንዱ አባት ፕላኔቶች በሞተር ይዞራሉ። አጠገቤ የቆመች እናት የእኛን አይታ በአክብሮት «ማን ጋ አሠራችሁ?» አለችኝ። ለካ እየተከፈላቸው የሚሠሩ ቤቶች አሉ! ልጄ ዘጠኝ አገኘች። ማታ ለእናቴ ስልክ ደውለን ነገርናት። ሙሉውን ታሪክ አስተረከችኝና «እሰይ የኔ ልጅ፤ ታዲያ ያለፈው ማን ነው?» አለች።

እናቴ እንዲህ ለማለት መብት አላት፤ እኔ ስማር እሷም ትምህርት ቤቴ ትመጣ ነበር። የምትመጣው ማታ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በእኔ ጊዜም ዙር እየቆጠረ ቀጥሎ ነበር። ቀን እኛ በተጣበብንበት ዴስክ ማታ እናቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ። በፈቃድ ብቻ ነበር አልልም፤ መቅረት ቀበሌ ያስጠይቃል። ብዙዎቹ ቀን ሲፈጩና ሲያጥቡ ውለው ነው የሚመጡት፤ ፊደል ከቆጠሩት ያልተናነሱ ያንቀላፉም ነበሩ። እናቴ ግን አላንቀላፋችም።

አንድ ጧት ክፍል ስገባ ዴስኬ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። የእኔ ስም ነው። ፊደሉ ተንጋዷል፤ አንደኛው እግሩ በግራ ሊሆን ሲገባ በቀኝ ወጥቶለታል። የኮሎኔሉ ልጅ ሊያሾፍብኝ ጻፈው ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳኮርፈው ዋልኩ፤ እሱም ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ዳቦውን ከነማርማላታው ሰጠኝ። ማታ እናቴ ወጡን እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር «አየኸው?» አለችኝ። ዙሩን ስትጨርስ የተሰጣት ምስክር ወረቀት ዛሬም ከአባቴ ፎቶ ጎን በፍሬም ተሰቅሏል። ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነው፤ እናቴ ሽልማቱ ለእሷ የተሰጠ ይመስላታል። አልከራከራትም።

ዛሬ የልጅ ልጇን አማርኛ የምታስነብበው እሷ ናት። ልጄ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ አማርኛ ላይ ስትደርስ ግን በየፊደሉ ትቆማለች። «ጸ»ን ስታገኝ እንደ ባዕድ አገር ምግብ ትፈራዋለች። ትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ አማርኛ ማውራት ያስቀጣል፤ ልጅዎ ዛሬ በአማርኛ ተናግራለች የሚል ማስታወሻ ኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ ተጽፎ ፈርሜበታለሁ። በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአማርኛ ስለተናገረች፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ማስታወሻ። እናቴ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የፊደል ገበታ ገዝታ መጣች፣ ከመጥረጊያው አንድ ስንደዶ መዘዘች፣ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠች። የቀበሌው አስተማሪ እንዳስተማራት ነው የምታስተምራት፤ ስትሳሳት «ድገሚ!» ትላለች እንጂ አታመሰግንም። ልጄም ከሚስ ይልቅ እሷን ትፈራለች።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ከዚህ የንባብ ችግር ድነዋል ብዬ አልመጻደቅም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች፣ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያነቡ ተደርጎ በተካሄደ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እኛ በሰማንያ ልጅ ክፍል፣ በአለንጋ፣ በዜማ አንብበናል ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ፤ ግን ያላነበቡት የት እንደደረሱ ማንም አልቆጠረልንም። ስማቸው ተዘሎ ነበር።

አለንጋውም ቢሆን የሚናፈቅ አይደለም። እኩዮቼ ቡና ላይ ሲገናኙ «እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ይላሉ። ተገርፈው ሰው ያልሆኑትን ቡና ላይ አናገኛቸውም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት ተሰጥቷቸዋል፤ ልጄ ይህን አንቀጽ በቃሏ ታውቃለች። ስቆጣት የምትጠቅስብኝ እሱን ነው።

ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ ሚኒስትሪ የሚባለው ፈተና ነበር። እኔ በ1980 ዓ.ም. ወሰድኩ፤ ያለፈ ሰባተኛ ይገባል፣ የወደቀ ይደግማል ወይ ሥራ ይፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. አዲስ ፖሊሲ ወጥቶ አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንት ሆነና የስድስተኛ ክፍል ፈተና ቀረ። አሁን ደግሞ እንደገና ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተብሎ ተከፍሏል፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተናም ተመልሷል። አባቶቻችን ይማሩት የነበረው፣ በእኛ ጊዜ ያልነበረው ግብረ ገብም ተመልሶ መጥቷል። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ የድሮ ኮታቸውን ባለመጣላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ለእኛ ሰኔ 30 የሰርተፊኬት ቀን ብቻ አልነበረም፤ የፍርድ ቀንም ነበር። ጥቅምት ላይ የተጣላኸው ልጅ «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ!» ካለህ ዘጠኝ ወር ሙሉ ታስባታለህ። አስተማሪ የለም፣ ዩኒት ሊደር የለም፣ መስከረም ድረስ የሚጠይቅህ የለም። ብዙውን ጊዜ ግን ቀኑ ሲደርስ ምን ላይ እንደተጣላችሁ ሁለታችሁም ረስታችኋል፤ ተያይታችሁ ትቆማላችሁ፤ የተሰበሰበው ሕዝብ እንዳያፍር ብቻ ትንሽ ትጓተታላችሁ። ከዚያ ስንተኛ ወጣህ ትባባላላችሁ። እኔ ከሰማንያው ሠላሳ ምናምነኛ እወጣ ነበር፤ አባቴ ሰርተፊኬቱን አይተው፣ «አልፈሃል?» ይላሉ። «አልፌያለሁ።» «በል ጎበዝ።» በዚህ ያልቃል።

የልጄ ውጤት ከእሷ በፊት እኔ ጋ ይደርሳል። ስልኬ ላይ ይመጣል፣ ከክፍሉ አማካይ ጋር በግራፍ ተነጻጽሮ። ወዲያው ግሩፑ ይንጫጫል፤ የሚስ እንትና ሒሳብ ለምን እንዲህ ዝቅ አለ፣ የእኔ ልጅ ወረቀት ይታይልን። ማታ ፌስቡክ ላይ ሰርተፊኬቶች ይደረደራሉ፤ ልጆቹ ተኝተዋል፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የምንባባለው እኛ ነን። እርስ በርስ የተቀያየምንም አለን። ሰኔ 30 ላይ የሚቧቀሰው ዛሬ ወላጅ ነው።

ክረምት ሲገባ ነው ትምህርት ቤት ልጄን የሚለቃት። የግቢያችን ጥበቃ ልጅ እኩያዋ ነው፤ እሱም አራተኛን ጨርሷል፤ የሚማረው በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በትምህርት ጊዜ አይገናኙም። እሷ ገና ሳይነጋ በሰርቪስ ትወጣለች፣ ማታ ደክማ ትመጣለች፣ ከዚያ አስጠኚ አለባት። እሱ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን ይመግባል፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። ስለዚህ እሱ ስለ ምገባ እናቶች ያወራል፤ ሐሙስ ምን ወጥ እንደሚወጣ ያውቃል። ልጄ በምሳ ዕቃ የተላከላት ፓስታ እንደቀዘቀዘባት ትነግረዋለች። አማርኛ መጽሐፍ ሲያነብላት አፏን ከፍታ ትሰማለች፤ እንግሊዝኛ ፊልም ሲከፈት እሷ ታስረዳዋለች። ትርጉሟ ላይ ግን እምነት የለውም፤ «እንዲህ ነው ያለው? በማርያም በይ» ይላታል። የኮሎኔሉ ልጅና እኔ ዓመቱን ሙሉ ያገኘነውን እነሱ የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያውም ዝናብ ካልከለከለ፣ ያውም የክረምት ኮርስ ካልተመዘገበች።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ አበባ አብረው ሊያዞሩ ተስማሙ። እሱ ከጳጉሜን በፊት ጀምሮ በእጁ ሲስል ሰንብቷል፤ አደይ አበባ፣ መልአክ፣ አንዷ ላይ ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ አውሮፕላን። እሷ ከኢንተርኔት አውርዳ በእናቷ ቢሮ ፕሪንተር አሳትማ መጣች። ጎረቤት ሁሉ የሱን እየመረጠ ሲወስድ አይታ፣ ከሦስተኛው በር በኋላ የራሷን ፌስታል ውስጥ ከትታ የሱን መያዝ ጀመረች።

በእኛ ጊዜ የአበባ ገንዘብ የደብተር መግዣ ነበር። ለእነሱ ግን ደብተር አያስፈልጋቸውም፤ የሱን ከተማው ይሰጠዋል፤ የሷ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ታትሞበት፣ ከክፍያው ጋር ተደምሮ ይመጣል። ስለዚህ ብሩን ቆጥረው እኩል ከተካፈሉ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ምን እንደሚገዙ ይከራከሩ ጀመር። እሱ ኳስ ይላል፣ እሷ ጥንቸል። ኳሱ ሊያሸንፍ ሲል የሱ እናት ከጓሮ ብቅ አሉና «አምጣ ላስቀምጥልህ» ብለው ተቀበሉት። ባለቤቴ ደግሞ በመስኮት ሰምታ «ያንቺን ባንክ እናስገባልሻለን» ብላ ወሰደች። ሁለቱም እስከ መስቀል አኩርፈው ከረሙ።

የእኔንም እናቴ «ላስቀምጥልህ» ብላ ነበር በየዓመቱ የምትወስደው። በቀደም አነሳሁባት። «ደብተር ገዛሁልህ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።